የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ትሄዳለች?

ከልጆችና ከልጅ ልጆች ጋር አራቱን ወቅቶች በካፋ ወፍ ማየት

ዘመድ ወይም ጓደኛ ሲርቅብን «ምነው የመስቀል ወፍ ሆንክ?» እንላለን። በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ ደብዛው ለሚጠፋ ሰው የወጣ ስም ነው። እኛ ትልልቆቹ አባባሉን ስለለመድነው አንመራመረውም። ልጆች ግን እንዲሁ አያልፉትም። «እሺ፣ ከመስቀል በኋላ የት ትሄዳለች?» ብለው ይጠይቃሉ። ብዙ ወላጆችና አያቶች እዚህ ላይ መልስ ያጥረናል።

መልሱ ግን አለ፤ ያውም ሁለት ነው።

የመጀመሪያው መልስ «የትም አትሄድም» የሚል ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በየሣሩና በየማሳው ዳር የሚደምቁት ቢጫና ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር ትንንሽ ወፎች ወንዶቹ ናቸው። እነዚሁ ወንዶች በበጋ እንደ ሴቶቹ ቡናማና ዥጉርጉር ላባ ለብሰው፣ ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅለው እህል ሲለቅሙ ይውላሉ። ዝናቡ ሣሩን ሲያሳድገው፣ ጎጆ የመሥራትና የመፈልፈል ጊዜያቸው ሲደርስ ላባቸውን ይለውጡና ለሴቶቹ ይታያሉ። ጊዜው ሲያልፍ የክት ልብሳቸውን አውልቀው የአዘቦቱን ይለብሳሉ። ስለዚህ የመስቀል ወፍ ዓመቱን ሙሉ ከደጃችን አልጠፋችም። የአዘቦት ልብሷን ለብሳ ስትመጣ የማናውቃት እኛው ነን።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ «እሷ ባትሄድም ሌሎቹ በእርግጥ ይሄዳሉ» የሚል ነው። በመስከረምና በጥቅምት ከአውሮፓና ከእስያ ተነስተው አገራችን የሚገቡ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ተመልሰው የሚሄዱ ብዙ የወፍ ዓይነቶች አሉ። በኢትዮጵያ ከታዩት ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች መካከል እነዚህ እንግዶች ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ሁለቱንም መልሶች በዓይን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቦንጋ ወደ ሚዛን አማን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሺሺንዳ፣ ከቤት ጓሮ እንሰትና ቡና ሥር ቁጭ ብሎ መጀመር ይቻላል።

ባሕር ለሌለው አገር የውኃ ዳር

በብዙ አገሮች ቤተሰብ በየወቅቱ ወፍ ለማየት የሚሄደው ወደ ባሕር ዳርቻ ነው። ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ትል የሚለቅሙ ረዣዥም እግር ወፎች ስለሚሰበሰቡ ልጆች ብዙ ዓይነት በአንድ ቦታ ያያሉ። ለእኛ ባሕሩ ሩቅ ነው። ወፎቹ ግን ባሕር ዳር ብቻ አይቀሩም። በቀይ ባሕር ጭቃ ላይ ከሚመላለሱት ዓይነቶች አንዳንዶቹ የደጋና የወይና ደጋ ረግረግ፣ የወንዝ ዳርና የከብት መጠጫ ኩሬ ድረስ ይዘልቃሉ።

ካፋ ደግሞ ውኃ አይቸግረውም። ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ወራት ይዘልቃል፤ ምድሩ ከ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህ መካከል ጥቅጥቅ ደን፣ የቡና ጫካ፣ ቀርከሃ፣ የእርሻ ማሳና ሰፋፊ ረግረግ አለ። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. 760,000 ሄክታር ገደማ የሚሆነውን የካፋ ምድር ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ ሲመዘግብ ትልቅ ቦታ የተሰጠው ለጫካ ቡናው ነበር። ለወፍ ተመልካች ግን ረግረጉም ከቡናው አያንስም። ከቦንጋ የማይርቀው አለምጎኖ እና የጎጀብ ወንዝ ረግረግ በአካባቢው ስማቸው የሚነሳ የወፍ መሰብሰቢያዎች ናቸው። የቦንጋ ደንም በአገሪቱ ለወፎች እጅግ አስፈላጊ ናቸው ተብለው ከተለዩት ቦታዎች አንዱ ነው።

ከመስከረም እስከ ኅዳር፦ እንግዳ ሲገባ

በዚህ ወቅት ልጆች እንዲያዩ የምንነግራቸው የመጀመሪያ ነገር የከብቶቹ እግር ሥር ነው። ላምና በሬ በግጦሽ ላይ ሲራመዱ ከሣሩ የሚነሳውን ነፍሳት ለመልቀም ከሥራቸው የምትሮጥ፣ ሆዷ ቢጫ፣ ጭራዋን ያለ ዕረፍት ወደ ላይና ወደ ታች የምትነቀንቅ ቀጭን ወፍ ትታያለች። ክብደቷ 17 ግራም ገደማ ነው። ተወልዳ ያደገችው በአውሮፓ ወይም በእስያ ነው። ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣ እዚህ ደርሳለች። የእኛን ክረምት አልፋ ብቅ ስለምትል ብዙዎች የመስክ ወፍ ብቻ ይመስሏቸዋል።

ቀና ሲሉ ደግሞ በመብራት ሽቦ ላይ ተደርድረው ወይም ከሣሩ በላይ እየተወነጨፉ የሚበሩ፣ ጭራቸው እንደ መቀስ ለሁለት የተከፈለ፣ ጀርባቸው ሰማያዊና ጥቁር የሆነ ትንንሽ ወፎች አሉ። እነዚህ በአውሮፓ ገበሬ ከብት ማደሪያ ጣሪያ ሥር ጎጆ ሠርተው የተፈለፈሉ ናቸው። እዚያ ብርድ ሲገባ የሚበላ ነፍሳት ይጠፋል፤ እነሱም ወደ እኛ ይመጣሉ። ልጆች «ለምን አይበርዳቸውም?» ብለው ከጠየቁ፣ ከብርዱ ይልቅ የሚያስመጣቸው ረሃብ መሆኑን መንገር ጥሩ ነው። ወፍ ላባ አላት፤ ነፍሳት የሌለበት አገር ግን ነፍሳት ለምትበላ ወፍ አይሆንም።

ከፍ ባለው ሰማይ ላይ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በሞቃት አየር እየተሽከረከሩ የሚያልፉ ነጭና ጥቁር ሽመላዎችም የዚህ ወቅት ናቸው። በእነሱ ላይ ለልጅ የሚነገር አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በጥንት ዘመን የአውሮፓ ሰዎችም በክረምት የሚጠፉት ወፎች የት እንደሚሄዱ አያውቁም ነበር። አንዳንዶች በኩሬ ጭቃ ውስጥ ተደብቀው ይተኛሉ ይሉ ነበር። በ1822 እ.ኤ.አ. በሰሜን ጀርመን ክሉትዝ በተባለ ቦታ አጠገብ አንድ ሽመላ ተገደለች። አንገቷ ላይ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጦር ተሰክቶ ነበር፤ ጦሩም የአፍሪካ ነው። ሽመላዋ አፍሪካ ውስጥ ተወግታ፣ ጦሩን በአንገቷ እንደያዘች አውሮፓ ገብታለች። ጀርመኖች ያንን ወፍ አድርቀው እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ አስቀምጠውታል። የመስቀል ወፍን ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ስንፍና የለበትም፤ የዓለም ሊቃውንትም በዚሁ ጥያቄ ብዙ ዘመን ተቸግረዋል።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ ውኃው ሲያንስ ወፉ ይሰበሰባል

በጋ ለጀማሪ ተመልካች ከሁሉም ይመቻል። መንገዱ ይደርቃል፤ የረግረጉ ውኃ ይቀንሳል፤ ወፎቹም ወደ ቀረው ውኃ ይጠጋሉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ በአንድ ቦታ ብዙ ማየት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮም ደህና ነው። እኩለ ቀን ላይ ወፉም እንደ ሰው ጥላ ይፈልጋል።

በረግረጉ ከሁሉም በላይ ልጅ የማይረሳው ባለ ዘውዱን ጥቁር ክሬን ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ራሱ ላይ ወርቃማ ጭራሮ የሚመስል አክሊል አለው፤ ጉንጩ ነጭና ቀይ ነው። ጥንዶቹ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ሰበር ቀና እያደረጉ፣ ከመሬት እየተነሱ ይዘላሉ። ሰው ሁሉ «ጭፈራ» ይለዋል፤ ሌላ ስምም አያስፈልገው። ይህ ወፍ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት ውስጥ ተመዝግቧል። ከእሱ የሚበልጥና ከአገጩ ሥር ሁለት ነጭ ልጣጭ የተንጠለጠለበት ሌላ ክሬንም በኢትዮጵያ ረግረጎች አለ። የእሱ ዘመዶች የሚገኙት ርቀው በደቡባዊው አፍሪካ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ጫጩት ብቻ ነው የሚያሳድገው። አንድ እንቁላል ሲሰበር የዚያ ቤተሰብ የዓመት ልፋት አበቃ ማለት ነው።

ሣሩ ውስጥ ጎንበስ ብላ የምትሄድ፣ ደረቷ ቡናማ፣ ከጭራዋ ሥር ነጭ የምታሳይ ዶሮ መሳይ ወፍ ካያችሁ ደግሞ ልጆቹን ቀስ ብላችሁ ጥሩ። እሷ በዓለም ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የምትገኝ ናት። በጀርመን ወይም በቻይና ያለ ልጅ ሊያያት ቢፈልግ ወደ እኛ አገር መምጣት አለበት። ይህን የሰማ የሺሺንዳ ልጅ በአገሩ ላይ ያለው አስተያየት ይለወጣል።

በጥር ወር በብዙ አገሮች የውኃ ወፍ ቆጠራ ይካሄዳል። ይህ ዓለም አቀፍ ቆጠራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ በአገራችንም በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ይሳተፍበታል። ቤተሰብም የራሱን ቆጠራ ማድረግ ይችላል። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ በአንድ ቦታ ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ የታየውን መቁጠርና በደብተር መጻፍ ብቻ ነው። በአምስተኛው ዓመት ያ ደብተር ብዙ ነገር ይናገራል።

በዚሁ ወቅት ቡና ይሰጣል፣ ቡና ይለቀማል። የሰው እጅ በሚበዛበት በቡና ጫካ ውስጥም ወፍ አይጠፋም። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአገር በቀል ዛፍ ጥላ ሥር የሚለማው የኢትዮጵያ ቡና ብዙ ዓይነት ወፎችን የሚያስጠልል መሆኑን አሳይተዋል። ሆኖም ከዛፍ ሥር እየተንቀሳቀሱ ነፍሳት የሚለቅሙት ወፎች በብዛት የተገኙት ባልተነካው ደን ነበር። ስለዚህ የቡና ጫካው ትልቅ ነገር ነው፤ የደኑን ቦታ ግን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ወፎቹም ውለታ ይመልሳሉ፤ ቅጠልና ፍሬ የሚበሉ ነፍሳትን ለቡና ገበሬው ያለ ክፍያ ይለቅማሉ።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ ስንብትና ማር

የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ ቡናው ነጭ አበባ ሲለብስ እንግዶቹ መሄድ ይጀምራሉ። መቀስ ጭራዎቹ ከሽቦው ላይ አንድ ጠዋት በዝተው ይታያሉ፤ በማግስቱ የሉም። ከመሄዳቸው በፊት ለጥቂት ሳምንታት አብዝተው ይበላሉ፤ ለመንገድ የሚሆን ስብ በሰውነታቸው ያጠራቅማሉ። በሶና ቆሎ ቋጥሮ መንገድ እንደሚጀምር ሰው ማለት ነው። ለልጅ የሚሰጥ ጥሩ የቤት ሥራ አለ፦ የመጨረሻዋን መቀስ ጭራ ያየህበትን ቀን ጻፍ። በመስከረም የመጀመሪያዋን ስታይ ደግሞ እሱን ጻፍ። በመካከሉ ስንት ቀን አለ?

እንግዶቹ ሲሄዱ የቤቱ ባለቤቶች ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። በካፋ ደን ውስጥ ከሁሉም በፊት የሚሰማው ክንፉ ነው። ባለ ትልቅ ምንቃሩ የደን ወፍ፣ በባለሙያዎች ሆርንቢል የሚባለው፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገር ክንፉ ነፋስ የያዘው ቆርቆሮ ይመስል ያጉረመርማል። ምንቃሩ ላይ ሌላ ትልቅ ቀንድ መሳይ ነገር ተደርቦበታል። የእነዚህ ወፎች የትዳር ሥርዓት ለቤተሰብ ጨዋታ የሚሆን ነው። ሴቲቱ በትልቅ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ትገባና በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ ምንቃር የምታሾልክበት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። እንቁላሏን ጥላ፣ ታቅፋ፣ ጫጩቶቿን እስክታደርስ ከሦስት ወር በላይ እዚያው ትቆያለች። ወንዱ በዚህ ሁሉ ጊዜ የዛፍ ፍሬ እየለቀመ በቀዳዳዋ ያቀብላታል። አራስ ጠያቂው እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሴቲቱ ስለታሸገች፣ እሱ ቢሞት እሷም ልጆቿም አደጋ ላይ ይወድቃሉ።

ይህ ወፍ ሌላ ሥራም አለው። የዋጠውን ፍሬ ዘር ከእናት ዛፉ አርቆ ይጥላል። ደኑ ውስጥ ማንም ሳይተክላቸው የበቀሉ ብዙ ዛፎች የእሱና የመሰሎቹ ችግኞች ናቸው።

አረንጓዴ ገላ፣ ነጭ ጉንጭ ያላትና በቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ የምትሮጠው ቱራኮም በዚሁ ደን አለች። ስትበር ከክንፏ ሥር ደማቅ ቀይ ብልጭ ይላል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበትና በእነዚህ ወፎች ዘንድ ብቻ የሚገኝ ነው። ዕድል ከቀናችሁ ደግሞ ግንባሩ ቢጫ የሆነውን በቀቀን ታዩታላችሁ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይኖርም።

የማር ነገር ከተነሳ፣ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው የሚነግሩት አንድ ወፍ አለ፤ ማር መሪው። ቀፎ ዛፍ ላይ በሚሰቀልበትና ማር የኑሮ መሠረት በሆነበት አካባቢ ይህ ታሪክ ባዶ ተረት እንዳይመስላቸው ማስረጃም መጨመር ይቻላል። በሰሜን ኬንያ በቦረና ማር ቆራጮች ላይ የተደረገና በ1989 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። ሰዎቹ በማያውቁት ቦታ ብቻቸውን የንብ መንጋ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር። ወፏ ስትመራቸው ግን 3.2 ሰዓት ብቻ ፈጀባቸው። ወፏ እየጮኸች ትመራለች፣ ሰው ማሩን ይቆርጣል፣ እሷ የቀረውን ሰፈፍና ዕጭ ትበላለች። ትርፉ ለሁለቱም ነው።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ፦ ዝም ብሎ የሚታይበት ወቅት

በክረምት ረግረጉ በውኃ ይሞላል፤ ሣሩ ሰው ይውጣል። ባለ ዘውዱ ክሬን በዚህ ጊዜ በረዥሙ ሣር መካከል ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ይጥላል። ስለዚህ በክረምት ወደ ረግረጉ መሃል አንገባም። ልጆችን የምናስተምረው አንድ ደንብ ነው፦ ጎጆ ካገኘህ ወደ ኋላ ተመለስ፤ አትንካ፤ ለጓደኞችህም ቦታውን አታሳይ። የሰው ዱካ የተከተለ ውሻ ወይም ጦጣ ቀሪውን ሥራ ይጨርሰዋል።

ለዚህ ወቅት የሚስማማው ከበረንዳ ማየት ነው። ዝናቡ ሲያባራ ወፎች ለመብላት ይቸኩላሉ። በእንሰቱ ቅጠል ላይ፣ በአጥሩ፣ በቆጡ ዙሪያ ማን እንደመጣ ቡና እየተፈላ መቁጠር ይቻላል። የወንዶቹ ላባ መቀየር የሚጀምረውም በዚህ ጊዜ ነው። ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ቢጫ የሆነ፣ የተጣፈ ልብስ የለበሰ የሚመስል ወፍ ካያችሁ፣ የመስቀል ወፍን ልብስ ስትለውጥ ያዛችኋት ማለት ነው። የልጁ ጥያቄ በዚያች ቅጽበት ይመለሳል።

ምን እያጣን ነው?

ወፍ ማየት ደስ የሚል መዝናኛ ቢሆንም፣ ብዙ ከታየ በኋላ አንድ ከባድ ነገር ይመጣል፤ የሚቀንሰውም መታየት ይጀምራል።

አንደኛው ረግረጉ ነው። ረግረግ ለብዙ ሰው «ባዶ መሬት» ነው። ቦይ ተቀዶ ይጠፈጠፋል፣ በቆሎ ይዘራበታል፣ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ቤተሰብ በዝቶ መሬት ሲጠብ ገበሬ ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም። ነገር ግን ረግረጉ ባዶ አይደለም። የክረምቱን ጎርፍ ይይዛል፣ በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ምንጩ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጠማ፣ ቤት የምንከድንበት ሣር ከዚያ ይመጣል። አያቶች «እዚህ ቦታ ድሮ እግር ይሰምጥ ነበር» ሲሉ ልጆች የሚያዩት ደረቅ ማሳ ከሆነ፣ ክሬኑ ከመጥፋቱ በፊት ውኃው ጠፍቷል ማለት ነው። ክሬኑ የጠፋው የምንጩን ነገር አስቀድሞ ሊነግረን ነበር።

ሁለተኛው ትልልቁ ዛፍ ነው። ደን አለ ማለት ሽንቁር ያለው ዛፍ አለ ማለት አይደለም። ለትልቅ ወፍ መግቢያ የሚሆን ሽንቁር የሚገኘው በዕድሜ በገፋ ዛፍ ላይ ነው፤ ሰውም አስቀድሞ የሚቆርጠው ያንኑ ነው። መቶ ችግኝ ብንተክል እንኳ ሆርንቢሏ እንድትገባበት የልጆቻችንን ልጆች ዕድሜ መጠበቅ አለባት። በግቢያችን ወይም በቡና ጫካችን አንድ አሮጌ ዛፍ ካለ ማቆየት ከብዙ ችግኝ ይበልጣል።

ሦስተኛው የልጆች ወንጭፍ ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ይዘነዋል፤ ልጁን እንደ ወንጀለኛ መቁጠር አይጠቅምም። ይሁንና በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን የተከለከለ መሆኑን፣ ወፍም የዱር እንስሳ መሆኗን ማስረዳት የወላጅ ድርሻ ነው። ቁጣ ብቻውን ግን አይሠራም። ወንጭፉን የተቀማ ልጅ ሌላ ይሠራል። ደብተር የተሰጠው፣ «ዛሬ ስንት ዓይነት አየህ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ግን ዓይኑን ለሌላ ነገር ማሠልጠን ይጀምራል። ዒላማ መምታት የሚችል ዓይን ጥሩ ተመልካች ይወጣዋል።

ጥምብ አንሳንም መርሳት አይገባም። ራሱ መላጣ፣ ምንቃሩ ቀጭን የሆነው ትንሹ ጥምብ አንሳ በየቄራውና በየገበያው እንደልብ የሚታይ ነበር። ዛሬ በዓለም ደረጃ እጅግ አሳሳቢ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ የሚቀመጥ መርዝ እሱንም ይገድላል። ጫጩት በጭልፊት የተወሰደባት እናትም መርዝ ከማሰብ ይልቅ ጫጩቶቹን እስኪጠነክሩ በቅርጫት ወይም በተሸፈነ ቆጥ ብትጠብቅ ይሻላታል።

እንዴት እንጀምር?

ገንዘብ አያስፈልግም። አጉሊ መነጽር ካለ መልካም ነው፤ ከሌለ ዓይንና ጆሮ ይበቃል። መነጽሩ ከተገኘ ልጆች ፀሐይን በእሱ እንዳያዩ ማስጠንቀቅ ግድ ነው፤ ዓይን ያጠፋል። ደማቅ ልብስ አትልበሱ። ወደ ረግረጉ ዳር ከሄዳችሁ ቦቲ ጫማ አድርጉ፤ አልቅት ሊኖር ይችላል። ጉልበት ለደከመ አያት ደግሞ በርጩማ ይዞ መሄድ ነው። መቀመጥ ከመራመድ የተሻለ ያሳያል። 20 ደቂቃ ሳትነቃነቁ ከተቀመጣችሁ ወፎቹ ይረሷችኋል።

ልጁን «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ ከመፈተን አራት ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል። ከድንቢጥ፣ ከእርግብና ከዶሮ የትኛውን ታህላለች? የት ቦታዋ ላይ ምን ቀለም አላት? ምንቃሯ ምን ይመስላል? ምን እያደረገች ነው? ከምንቃሩ ብቻ ብዙ ነገር ይታወቃል። ረዥምና ቀጭን ከሆነ ጭቃ ይቆፍራል፤ ቆልማማ ከሆነ ሥጋ ይቆርጣል፤ አጭርና ወፍራም ከሆነ ጥሬ ይፈለፍላል። ወፏ መብላቷን አቁማ አንገቷን ቀና ካደረገች በጣም ቀርባችኋልና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ስልክ ያለው ወጣት በቤት ውስጥ ካለ ሜርሊን የተባለውን ነፃ መተግበሪያ አውርዶ በፎቶ እንዲለይ ማድረግ ይቻላል። አያት ስሙን በካፊኛ ወይም በአማርኛ ትናገር፣ ልጁ ከስልኩ ያመሳክር፤ ሁለቱም ይማራሉ።

እግሯ ላይ ቀለበት ያላት ወፍ ሞታ ካገኛችሁ አትደንግጡ። ድግምትም ስለላም አይደለም። የዴንማርኩ መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርቴንሰን በ1899 እ.ኤ.አ. የአሉሚኒየም ቀለበት ማሰር ከጀመረ ወዲህ የወፎችን ጉዞ ለማወቅ በዓለም ዙሪያ የሚደረግ ነው። በቀለበቱ ላይ ያለውን ቁጥርና ፊደል ገልብጣችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ የተገኘችበትን ቀንና ቦታ ጨምራችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። በባዶ እጅ ግን አትንኳት።

ስም የሚያወርስ ማነው?

ወፍ እንዳገሯ ትጮሃለች ይባላል። ስሟም እንደዚሁ በየአገሩ ቋንቋ የተሰጠ ነው። አንድ የካፋ አያት የምታውቀው የወፍ ስም፣ የትኛዋ ስትጮህ ዝናብ እንደሚቀርብ፣ የትኛዋ ምን ዓይነት ፍሬ እንደምትወድ የምታውቀው ነገር በየትኛውም መጽሐፍ ላይ ላይኖር ይችላል። ረግረጉ እንደሚጠፈጠፈው ይህም ዕውቀት ሳይታይ ይደርቃል። ልጁ ትምህርት ቤት የፔንግዊንን ሥዕል ያያል፤ ከቤቱ ጀርባ የምትጮኸውን ግን «ወፍ» ብሎ ብቻ ያልፋታል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። አያት ይናገሩ፣ ልጅ ይጻፍ። በደብተሩ ላይ አራት መስመር ይሰመር፦ ቀን፣ ቦታ፣ አያቴ የሚሏት ስም፣ ስታደርግ ያየሁት። አሥር ወፍ ከተሞላ ለመጀመሪያው ወር በቂ ነው። ወደ መስከረም ሲደርስ ቢጫ ሆዷ እንግዳ ከላሞቹ እግር ሥር መምጣት አለመምጣቷን የሚያውቅ፣ የመምጫ ቀኗን የሚጠብቅ ልጅ በቤቱ ውስጥ ይኖራል። የሚጠብቃት ሰው ያላት ወፍ ብትቀር፣ ቢያንስ «ለምን ቀረች?» ብሎ የሚጠይቅላት አለ።